ከመሰካትዎ በፊት፦ ኮሞዶር 64ን መጠገንና ማደስ

አሮጌ ኮምፒውተር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ሰክቶ ማየት ነው። ዕቃው ኮሞዶር 64 ከሆነ ግን ይታገሱ። አርባ ዓመት ያህል ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ የተኛን ማሽን በአንድ አፍታ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ እርጅናው ሳይሆን አብሮት የመጣው ፓወር ሰፕላይ ነው። ስለዚህ ጥገናው ከሳጥኑ ውጭ ካለው ገመድ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ ይገባል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው አንድ ሁለት ርካሽ ዕቃ ቀይሮ ይገላገላል። ያልጠበቀ ደግሞ ደህና የነበረውን ሁሉ ሲነቅልና ሲተክል ይከርማል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው።

ስለ ማሽኑ ጥቂት ማወቅ ለጥገናው ይጠቅማል። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ለዕይታ ቀርቦ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በ595 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ዛሬም መለዋወጫው አይጠፋም። ዋጋውን ማውረድ የቻለው አንድም ኩባንያው የራሱ የቺፕ ፋብሪካ ስለነበረው ነው፤ ሞስ ቴክኖሎጂን እ.ኤ.አ. በ1976 ገዝቶታል። ለጠጋኝ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። የሥዕሉንና የድምፁን ቺፕ የሠራው ያ ፋብሪካ ብቻ ነበር፤ ኮሞዶርም እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሯል። በነገራችን ላይ የኩባንያው መሥራች ጃክ ትራሚየል ንግዱን የጀመረው ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የጽሕፈት መኪና በሚጠግን ሱቅ ነው። ኮምፒውተሩ የጠጋኝ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ መጠገኑ ያምርበታል።

እዚህ የምንነጋገረው ስለ መጀመሪያው ቅርጽ፣ ስለ ቡናማውና ጀርባው ጎበጥ ስላለው ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የወጣው ነጣ ያለውና ቀጠን ያለው ሞዴል ውስጡ በጥቂቱ ይለያል፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ብዙ አይደለም። የመስቀል ካቻቢቴ፣ መልቲሜትር፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ካውያ፣ ጥሩ ሊድ፣ ሊድ መምጠጫ ፓምፕ፣ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና አልኮል በቂ ናቸው። አልኮሉ አይሶፕሮፒል የሚባለው፣ ከ90 በመቶ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶም ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን ከማብራትዎ በፊት በደንብ ማድረቅ አለብዎት። ርካሽ ካውያ ለሬዲዮ ሽቦ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ሰሌዳ ግን አይሆንም። ምክንያቱን ቺፕ መንቀል ላይ ስንደርስ ያዩታል።

ፓወር ሰፕላዩ

ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣው ከባድ ሳጥን ሁለት ዓይነት ኃይል ያወጣል፤ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከትራንስፎርመሩ ጋር አብሮ በጠንካራ ሙጫ ተደፍኗል። ሙጫው ሙቀት አያስወጣም፤ ሬጉሌተሩ ለዓመታት ይቀቀላል፤ አንድ ቀን ይበጠስና 5 የነበረው ወደ 7፣ ወደ 8 ቮልት ይወጣል። ያን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት የማስታወሻ ቺፖቹ ናቸው። ሳጥኑ የተደፈነ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይቻልም፤ አይሞክሩት። ውስጡ የግድግዳው ኤሌክትሪክ አለ።

አስቀድመው የሳጥኑን ሆድ ገልብጠው ያንብቡ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ የተሠራው ለ117 ወይም ለ120 ቮልት ነው፤ የአዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። አብሮ ኮምፒውተሩንም ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ ኮንቨርተር ከመፈለግ ይልቅ ለ220 ቮልት የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ይግዙ፤ የአሜሪካው ኮምፒውተር የሚፈልገው ያንኑ 5 እና 9 ቮልት ነው። የማይለወጠው የሥዕሉ ሥርዓት ነው። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ፣ የአውሮፓው ፓል ነው፤ ቴሌቪዥንዎ የትኛውን እንደሚቀበል ይወቁ። ጀርመን የሚኖር ሰው ካለዎት ከእዚያ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚመጣው ፓል ነው፤ ብራውንሽቫይግ የነበረው የኮሞዶር ፋብሪካ ብዙውን አምርቶ እዚያው ሸጦታል።

ቮልቱ ተስማሚ ከሆነ ሳጥኑን ብቻውን፣ ኮምፒውተሩ ሳይገናኝ፣ ሶኬት ላይ ይሰኩና ክቡን ባለ 7 እግር ጫፍ ይለኩ። እግሮቹ በአንድ በኩል ክፍት በሆነ ክብ ተደርድረዋል። በሁለቱ ዳር ያሉት 9 ቮልት ኤሲ ናቸው፤ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገው ሲለኩ ያለ ጭነት 10 ወይም 11 ቢያሳይ አይደንግጡ። መካከል ላይ ያለው ግራውንድ ነው። ከእሱ ጎን ካሉት ሁለቱ በአንዱ 5 ቮልት ዲሲ ይገኛል፤ በሌላው ምንም የለም። የሚለኩበትን ጫፍ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ይያዙ፤ ሁለት እግር በአንድ ብረት ከነኩ ሾርት ነው።

ንባቡ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ከ5.25 በላይ ከሆነ ሳጥኑ አልቆለታል። ደህና ንባብ ቢያገኙም አይመኑት፤ ባዶውን ደህና መስሎ ሥራ ሲይዝ የሚዋዥቅ አለ። 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል አገናኝተው አንድ አምፔር ያስጎትቱትና ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው እንደገና ይለኩ። ሬዚስተሩ በጣም ስለሚግል በእጅ አይያዙት፤ ፕላስቲክ ላይም አያስቀምጡት።

እኔን ከጠየቁኝ ፈተናውን ቢያልፍም አልጠቀምበትም። ዛሬ ደህና የነበረው ነገ ይበጠሳል። ለኮሞዶር 64 ተብለው በአዲስ መልክ የሚሠሩ ፓወር ሰፕላዮች አሉ፤ ሲገዙ 9 ቮልቱ ኤሲ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዲሲ አዳፕተር አይተካውም። ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥሩ ባለ 5 ቮልት ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይና ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመር በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ይሠራልዎታል። የድሮውን መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ቮልቱ ሲያልፍ ቆርጦ የሚያቆም ትንሽ መከላከያ በመካከል ይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሮጌውን ከጣሉት ደግሞ ገመዱን በፒንሳ ቆርጠው ይጣሉት፤ ያለዚያ ሌላ ሰው አንስቶ ይሰካዋል።

መክፈትና ማየት

ኮምፒውተሩን ገልብጠው ከፊት በኩል ያሉትን ሦስት ቪቴዎች ይፍቱ። ቀና አድርገው ክዳኑን ከፊት ቀስ ብለው ያንሱ፤ ከኋላ በጥርስ ተያይዟል። አይጎትቱት። ኪቦርዱ ከሰሌዳው ጋር በሽቦ ሪባን፣ ቀዩ የመብራት አምፖል ደግሞ በትንሽ ሶኬት ተገናኝተዋል። መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ አንስተው፣ ከዚያ ሶኬቶቹን ነቅለው፣ ክዳኑን ወደ ጎን ያስቀምጡ።

የሚቀጥለው ደረጃ ምንም ሳይነኩ ማየት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ ካርቶን ተለጥፎ ያገኛሉ። ይህ የተደረገው የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረብሽ ነበር፤ ለቺፖቹ ግን ብርድ ልብስ ሆኖባቸዋል። አንስተው ለታሪክ ያስቀምጡት፤ መልሰው አያልብሱት። የብረት ሽፋን ከሆነ ግን ለሥዕሉ ቺፕ ሙቀት ማስወጫም ስለሆነ የድሮውን ደረቅ ሳሙና መሳይ ቅባት ጠርገው አዲስ ቀብተው ይመልሱታል።

አረንጓዴ ዝገት፣ የአይጥ ሽንት፣ የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ካዩ ሰሌዳውን ከሣጥኑ ያውጡና በለብ ያለ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ሳሙናና በብሩሽ ይጠቡት። አዎ፣ በውሃ፤ ኤሌክትሪክ እስካልተገናኘ ድረስ ውሃ አይጎዳውም። ሲጨርሱ በተጣራ ውሃ አለቅልቀው፣ በአልኮል አጥበው፣ ጥላ ሥር ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ያድርቁት። ዝገት የበላውን የመዳብ መስመር መልቲሜትሩ ሲጮህ ወይም ዝም ሲል ያውቁታል። የተበጠሰውን በቀጭን ሽቦ ድልድይ ይሠሩለታል።

እዚህ ላይ የእኔ አቋም ከብዙዎች ይለያል። አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሲከፈት «ካፓሲተሮቹ ሁሉ ይቀየሩ» የሚለው ወግ ለሌሎች ማሽኖች ትክክል ነው፤ ለምሳሌ የኮሞዶር ልጅ የሆነው አሚጋ 1200 ካፓሲተሩ ፈስሶ ሰሌዳውን ይበላዋል። የኮሞዶር 64 ካፓሲተሮች ግን በአብዛኛው እስከ ዛሬ ደህና ናቸው። ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካላዩ ይተዉአቸው። ለጀማሪ እጅ ሃያ ካፓሲተር መንቀል ሃያ አዲስ ብልሽት የመፍጠር ዕድል ነው።

ፊውዙን ግን አይተዉት። ሰሌዳው ላይ ከማብሪያው አጠገብ ያለች ትንሽ የብርጭቆ ፊውዝ ናት፤ 250 ቮልት፣ 1.5 አምፔር። የምትጠብቀው 9 ቮልቱን ብቻ ነው። ስትቃጠል ኮምፒውተሩ እንግዳ ነገር ያሳያል፦ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ምንም አያይም። ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራቱ የሚበራው ከሳጥኑ በቀጥታ በሚመጣው 5 ቮልት ሲሆን፣ የሥዕሉ ቺፕና የሰዓት ምቱ የሚሠሩት ሰሌዳው ራሱ ከ9 ቮልቱ በሚያወጣው 12 እና ሁለተኛ 5 ቮልት ነው። ፊውዟን በዓይን ሳይሆን በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ ደህና መስላ የተበጠሰች አለች። የተቃጠለችውን ከፍ ባለ አምፔር መተካት ወይም በፎይል መጠቅለል እሳት መጥራት ነው።

ስክሪኑ ምን ይላል?

አሁን በታመነ ፓወር ሰፕላይ ማብራት ይችላሉ። ቴሌቪዥኑን በአንቴና መስመር ሳይሆን ከኋላ ባለው ክብ የኤቪ መሰኪያ ያገናኙ፤ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የአንቴናውን ምልክት ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። ጤናማ ማሽን በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ዳርቻ፣ ከላይ የስሙ መስመር፣ ከሥሩ 38911 ባይት ነጻ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍና ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ያሳያል። ይህን ካዩ ወደ ኪቦርዱ ይለፉ። ካላዩ ስክሪኑን ያዳምጡት፤ እያንዳንዱ ዝምታ የተለየ ነው።

መብራቱም ካልበራ 5 ቮልቱ አልደረሰም ማለት ነው። ማብሪያው ውስጡ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ ኃይሉን ነቅለው ደጋግመው ያብሩት ያጥፉት፤ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጠብ ያድርጉበት። የኃይሉ መሰኪያ ከሰሌዳው ጋር የተበየደበት ቦታም ገመድ ሲነቀል ሲሰካ ይሰነጠቃል። ከሥር ገልብጠው በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ክብ ስንጥቅ ካዩ፣ በካውያ አሙቀው ትንሽ ሊድ ይጨምሩበት።

መብራቱ በርቶ ቴሌቪዥኑ «ምልክት የለም» ካለ ችግሩ ከ9 ቮልቱ ቤተሰብ ነው። ፊውዟ ደህና ከሆነች በሥዕሉ ቺፕ ላይ ይለኩ። በፓል ማሽን ላይ 6569፣ በኤንቲኤስሲው 6567 ተብሎ ተጽፎበታል። 13ኛው እግር ላይ 12 ቮልት፣ 40ኛው ላይ 5 ቮልት መኖር አለበት፤ 20ኛው ግራውንድ ነው። አንዱ ከጎደለ 7812 ወይም 7805 የሚባለው ሬጉሌተር ሞቷል፤ ከየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በጥቂት ብር ይገኛል። ሁለቱም ካሉ ግን ጥርጣሬው ቺፑ ራሱና የሰዓት ምቱ ላይ ይወድቃል።

ምልክት ኖሮ ስክሪኑ ጥቁር ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉም የተለመደው ሕመም ገጥሞዎታል። የሥዕሉ ቺፕ ይሠራል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ግን የለም። እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ።

አስቀድሞ ሶኬት ላይ የተቀመጡትን ቺፖች ኃይሉን አጥፍተው አንድ በአንድ ነቅለው፣ እግራቸውን በአልኮል ጠርገው ይመልሱ። ከመንካትዎ በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ነክተው በሰውነትዎ ያለውን ስታቲክ ያስወግዱ፤ የሱፍ ሹራብ ለብሰው አይሥሩ። ቺፑ አንድ ጫፉ ላይ ግማሽ ጨረቃ ጎድጓዳ ምልክት አለው፤ ሲመልሱ ከሰሌዳው ሥዕል ጋር ይግጠም። ተገልብጦ የገባ ቺፕ ሁለተኛ ዕድል የለውም። የድምፁን ቺፕ፣ 6581ን፣ ሶኬት ላይ ከሆነ ጨርሶ ያውጡት። ያለ እሱ ማሽኑ ይነሣል፤ ውስጡ ሾርት ሆኖ ሌላውን አፍኖ የያዘ ከሆነም ሲወጣ ስክሪኑ ይመጣል።

ቀጥሎ ጣትዎን ይጠቀሙ። ካበሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስምንቱን የማስታወሻ ቺፖች፣ 4164 የሚል የተጻፈባቸውን፣ በተራ ይንኩ። ለብ ይበሉ እንጂ መጋል የለባቸውም። አንዷ ጣት የማታስነካ ከሆነች እሷ ናት። ኤም እና ቲ የሚሉ ሁለት ፊደላት ያሉባቸው የማይክሮን ቺፖች በዚህ ማሽን ላይ ስማቸው ክፉ ነው፤ ካዩ ከእነሱ ይጀምሩ። የሥዕሉ ቺፕና ፒኤልኤ የሚባለው ግን ጤናማ ሆነውም ይግላሉ፤ በሙቀታቸው አይፍረዱባቸው። ሲለኩ ሌላ ወጥመድ አለ። ከእነዚህ ማስታወሻዎች ጎን ያሉት ተራ ቺፖች 5 ቮልታቸው በመጨረሻው እግር ሲሆን፣ 4164 ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ 8ኛው እግር 5 ቮልት፣ 16ኛው ግራውንድ። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን «ሞቷል» ይላል።

ጣት ካልነገርዎ ደህና 4164 ወስደው በጥርጣሬው ቺፕ ጀርባ ላይ ያስቀምጡት፤ እግር በእግር፣ ምልክቱ በአንድ አቅጣጫ፣ በጣትዎ ጫን አድርገው። ኃይሉ ጠፍቶ ይቀመጥና ከዚያ ይብራ። የታችኛው ዝም ብሎ የሞተ ከሆነ የላይኛው ሥራውን ይይዝለትና ስክሪኑ ይለወጣል። ሾርት ሆኖ ከሞተ ግን አይረዳም፤ ስለዚህ «አልተለወጠም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ከዚህ የተሻለው ኮሞዶር ለራሱ ጠጋኞች የሠራው የምርመራ ካርትሪጅ ነው፤ ዛሬ ቅጂው በርካሽ ይሸጣል። ማሽኑ ጥቁር ቢሆንም ይነሣል፤ የተበላሸች ማስታወሻ ካገኘ ስክሪኑን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ የብልጭታው ቁጥር ከአንድ እስከ ስምንት ሆኖ የትኛዋ እንደሆነች ይነግርዎታል። ሁለት ማሽን ለመጠገን ካሰቡ ይግዙት።

ማስታወሻዎቹ ደህና ከሆኑ ጣትዎን ፒኤልኤው ላይ ይጠቁሙ። ቁጥሩ 906114 ነው። ፕሮሰሰሩ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ማስታወሻው ይሁን ሮሙ ወይስ የሥዕል ቺፑ፣ የሚወስነው እሱ ነው። ሲሳሳት ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ብዙ ይሞታል፤ ደግነቱ አዲስ ምትክ በተለያዩ ሠሪዎች ይመረታል። ከእሱ ቀጥሎ ሮሞቹና 6510 ፕሮሰሰሩ ይመጣሉ። ሰሌዳው ላይ የሞስ ምልክት ያለባቸውና ቁጥራቸው በ77 የሚጀምር ትንንሽ ቺፖች ካሉም ይጠርጥሯቸው፤ በተለይ 7708 ታዋቂ ሟች ነው። በተራው 74ኤልኤስ257 ይተካል።

ከጥቁር ስክሪን ያነሱት ሕመሞች ይቀላሉ። ሰማያዊው መጥቶ ፊደላቱ ብቻ ከተዘበራረቁ የፊደል ሮሙን ያስቡ። 38911 በሚለው ፋንታ ያነሰ ቁጥር ካዩ ማሽኑ ሲነሣ ማስታወሻውን ሲቆጥር መጥፎ ቦታ ላይ ደርሶ ቆሟል። ጠቋሚው ካልተብለጨለጨና ኪቦርዱ ካልመለሰ የመጀመሪያው 6526 ቺፕ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሁለተኛ 6526 እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ፤ ሁለቱም ሶኬት ላይ ከሆኑ አቀያይረው ይፈትኑ፤ ሕመሙ ከተለወጠ አገኙት።

ቺፕ መንቀል

ሰሌዳው በሁለቱም ፊት መዳብ አለው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጡ በብረት ተለብጦ ሁለቱን ፊት ያገናኛል። ሞቱን ያረጋገጡትን ቺፕ ሙሉውን ለማውጣት መታገል ያንን ልብጥ መቅደድ ነው። ይልቅ ቺፑን ይሠዉት። በቀጭን መቁረጫ ፒንሳ እግሮቹን ከአካሉ ሥር አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ አካሉን ያንሱ፤ የቀረውን እግር በካውያ እያሞቁ በወረንጦ ይሳቡ። እግሩ በራሱ ፈቃድ ካልመጣ ሊዱ አልቀለጠም፤ አይጎትቱ። የአርባ ዓመት ሊድ ደርቋል፤ ትኩስ ሊድ ጨምረውበት አብሮ ሲቀልጥ ያበራል፤ ያኔ ይለቃል። ግራውንድ ላይ ያሉት እግሮች ሙቀቱን ወደ ሰፊው መዳብ ስለሚበትኑት ይዘገያሉ፤ ደካማው ካውያ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሰውየው ይጫናል፤ መዳቡ ይላጣል።

ቀዳዳዎቹን በፓምፕና በመዳቡ ሹሩባ አጽድተው ቺፑን ሳይሆን ሶኬት ይበይዱ። አዲሱ ቺፕ ሶኬቱ ላይ ይቀመጣል። ነገ ደግሞ ቢሞት በጣት ይወጣል። ሲጨርሱ ጎረቤት እግሮች መካከል ሾርት አለመኖሩን በመልቲሜትር ፈትሸው ብቻ ያብሩ። ጢሱን አይማጉት፤ የድሮው ሊድ እርሳስ አለበት፤ ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ።

የድምፁን ቺፕ በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦብ ያነስ የነደፈው 6581 በ12 ቮልት ይሠራል፤ ኋላ የመጣው 8580 በ9 ቮልት። እግራቸው አንድ ስለሚመስል ማቀያየር ያምራል፤ 12 ቮልት የገባበት 8580 ግን ዕድሜው አጭር ነው። አሮጌ 6581 ብለው የሚሸጡ ብዙዎች ቁጥሩን ፍቀው ሌላ የጻፉበት ቺፕ ያቀርባሉ፤ ሳይሞክሩ አይግዙ።

ኪቦርዱ

የማይሰማ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የሞተ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። ቁልፎቹን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ከሥራቸው ያሉትን ስፕሪንጎች በአንድ ሳህን ይሰብስቡ። ከዚያ ኪቦርዱን ገልብጠው ጀርባውን የያዙትን ብዙ ትንንሽ ቪቴዎች ይፍቱ። ከመገንጠልዎ በፊት ግን የሺፍት መቆለፊያው ሁለት ሽቦ ሰሌዳው ላይ ስለተበየደ በካውያ ይልቀቁት፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በጉልበት ከፍቶ ሽቦውን ይበጥሰዋል።

ሰሌዳው ላይ ጥቁር የካርቦን ነጠብጣቦች ያያሉ። በአልኮል በራሰ ጥጥ አንዴ ሁለቴ ጠረግ ያድርጓቸው፤ አይፈግፍጉ፤ ካርቦኑ ይለቃል። ከቁልፉ ሥር ያለውን የላስቲክ ጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ምልክት ማሳረፍ እስኪያቆም ድረስ ቀስ ብለው ያንሸራትቱት። የቁልፎቹ ክዳን በሞቀ ሳሙና ውሃ ሌሊቱን ቢያድር ይበቃዋል።

ገላው

ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ ማንጣት ግዴታ አይደለም። ቢጫው አንድ ዓይነት ከሆነ እኔ እተወዋለሁ፤ ነጥቶ በዓመታት ውስጥ መልሶ ቢጫ የሚሆን ብዙ ነው። ግማሹ ቢጫ ግማሹ ንጹሕ ሆኖ ዓይን ካስቀየመዎ ግን የሴቶች ጸጉር ቤት የሚጠቀሙበትን ባለ 12 በመቶ የፐርኦክሳይድ ክሬም ይግዙ። ሰሌዳውንና ኪቦርዱን አውጥተው፣ የስሙን የብረት ምልክት ነቅለው፣ ክዳኑን አጥበው ክሬሙን በእኩል ይቀቡ፤ በስስ ግልጽ ፕላስቲክ ይጠቅልሉና ፀሐይ ላይ ያውጡት። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ቆዳ ያቃጥላል። በየግማሽ ሰዓቱ እያዞሩ ክሬሙን በእጅ ያሸራሽሩ፤ ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ነጭ ቡራቡሬ ይሆናል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትወርድ ስለሆነ አውሮፓውያን የሚጽፉትን ሰዓት እንዳለ አይከተሉ፤ ፈጥኖ ይነጣል፤ ቀድመው ይመልከቱት።

የተሰበረ የክዳን ጥርስ ይጠገናል። ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ነው፤ የሌጎ መጫወቻም እንዲሁ። አንድ የሌጎ ቁራጭ ፈቅፍቀው በንጹሕ አሴቶን ብርጭቆ ውስጥ ያሟሙት፤ ወፍራም ሲሆን ስብራቱን ይለጥፉበትና አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩ ይተዉት። አሴቶኑ የሚታየውን ፊት ከነካ ያደበዝዘዋልና ከውስጥ በኩል ብቻ ይሥሩ።

ሁሉም ሲገጣጠም ክዳኑን ሳይዘጉ ሁለት ሰዓት አብርተው ይተዉት። በመካከል 5 ቮልቱን ሰሌዳው ላይ ይለኩ፤ ማስታወሻዎቹን በጣት ይንኩ። ከዚያ ሦስቱን ቪቴዎች ይዝጉ።

የሚቀረው ፕሮግራም መጫን ነው። አሮጌው የካሴት ማጫወቻ ቀበቶው ረግቦ፣ ዲስክ ማንበቢያውም ጭንቅላቱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱን በአልኮል ይጥረጉ። ዲስክ ማንበቢያው ውስጡ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ስላለው ተሰክቶ እንዳይከፈት። ለዕለት ሥራ የሚቀለው የኤስዲ ካርድ ማንበቢያ ነው፤ አብዛኛው ኃይሉን የሚወስደው ከካሴቱ መሰኪያ ነው። ያ መሰኪያ ሰሌዳው ራሱ ወደ ውጭ የወጣበት ጠርዝ ነው፤ አቅጣጫውን የሚያስጠብቀው ማቆሚያ በጠፋበት ማገናኛ አንድ እግር ወደ ጎን ተንሸራትቶ ወይም ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ 5 ቮልቱ ከግራውንድ ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ፣ የማገናኛው ማቆሚያ ከጠርዙ ስንጥቅ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ አይተው ይሰኩ፤ ከዚያ ያብሩ።